የማን እርሾ ነው?

በሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ አራስ ሊጠይቅ የሚነሳ ሰው የሚጨነቀው ስለሚይዘው ስጦታ አልነበረም፤ ስለ ሆዱ ነበር። አራስ ባለበት ቤት ደጃፍ የሚተከለው መሣሪያ፣ ሰው ሁሉ «አፍንጫው» የሚለው፣ ለማንም አያዳላም። እንግዳው ጠጋ ብሎ እፍ ይልበታል፤ አፍንጫውም የሆዱን ውጤት ጎረቤት እስኪሰማ ጮኾ ይናገራል። ዘጠናና ከዚያ በላይ ያመጣ ሕፃኑን ጉንጩን ይስማል። ከሰባ እስከ ዘጠና ያለው እግሩን ይስማል፤ ያውም በካልሲ ላይ። ከሰባ በታች የሆነው ደግሞ ከመስታወቱ ማዶ ይቆምና መስታወቱን ስሞ ይሄዳል። መወልወያ ጨርቅ ከጎኑ ተሰቅሏል፤ ስሞ ሳይወለውል የሄደ ሰው አስተዳደጉ ይነሳበታል።

ነገሩ የተጀመረው ለበጎ ነው። የማይረባ ነገር ሁሉ የሚጀመረው ለበጎ አይደል? ሆድ ውስጥ ሰፍረው ምግብ የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች የሰውን ጤና፣ ጠባዩንና ዕድሜውን ሳይቀር ይወስናሉ ተባለ። ሕፃን ደግሞ እነሱን የሚወርሰው ከእናቱ ነው ተባለ። ታዲያ ይህን የሚያህል ጉዳይ እንዴት ተደርጎ ለእናት ይተዋል? መንግሥት የተመረጡትን አባዝቶ በጠርሙስ አወጣ፤ ሕዝቡም «እርሾ» አላቸው፤ ስሙ በዚያው ጸና። ሴት ልጅ ልታገባ ሦስት ሳምንት ሲቀራት ሆዷ ይታጠብና ፈቃድ ያለው እርሾ ይጨመርላታል። ስትወልድ ከዚያው እርሾ ጠብታ ለሕፃኗ ይሰጣል። ሽማግሌ የተላከበት ቤትም «ልጁ የማን ነው?» ማለቱን ትቶ «ሆዱ ስንት ነው?» ማለት ከጀመረ ቆየ።

ኤፍራታ በዚህ ሁሉ ቅር የሚላት ሴት አልነበረችም። የሒሳብ መምህርት ናት፤ ቁጥር ያለበት ነገር ልቧን ያሳርፈዋል። የራሷ ሆድ ዘጠና አራት ነው። የመጀመሪያ ልጇ፣ ገና ክርስትና ስላልተነሳች «ሚሚ» ብቻ የምትባለው፣ በተወለደች በሦስተኛ ቀኗ ዘጠና አንድ አመጣች፤ እናትየውም ወረቀቱን በፍሬም አድርጋ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዘጠና አንድ ያመጣችው ልጅ ማልቀስ ጀመረችና አምስት ሳምንት ሙሉ አላቆመችም።

ለቅሶ ስላችሁ የተለመደውን የሕፃን ለቅሶ እንዳይመስላችሁ። ጉልበቷን ወደ ሆዷ ሰብስባ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ ትንፋሿ እስኪቆረጥ ነበር የምትጮኸው። ሐኪሙ ውጤቷን አየና «ሆዷ ፍጹም ነው» ብሎ መለሳቸው። ዳይፐሯ በየማለዳው «እንደምን አደሩ? የልጅዎ ሆድ ዛሬም ዘጠና አንድ ነው» ይላል። ኤፍራታ አምስት ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን ደህና አላደረችም፤ ለዳይፐር ግን ምን ተብሎ ይነገራል? ባሏ ዮናታን ቆሞ እያንቀላፋ ሁለት ጊዜ ከበር ጋር ተጋጭቷል።

በስድስተኛው ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ሚሚ ፈሳች። ለቃሉ ይቅርታ፤ ግን እንደዚያ ያለ ፈስ በሌላ ቃል አይገለጽም። ከዚያ ፈገግ አለችና እንቅልፍ ወሰዳት። በማግስቱም አላለቀሰችም። በሦስተኛው ቀን ዝምታው ኤፍራታን አስደነገጣትና ልጄ ምን ሆነች ብላ እየሮጠች ገባች፤ ሚሚ ጣሪያውን እያየች ፈገግ ትላለች። ቤተሰቡ ሁሉ ተመስገን አለ። ኤፍራታ ፀጉሯን ታጠበች፤ ዮናታን ተቀምጦ ራት በላ።

ሰኞ ማለዳ ዳይፐሩ ሰላምታውን ትቶ እንዲህ አለ፦ «በልጅዎ ሆድ ውስጥ ያልተመዘገበ እርሾ ተገኝቷል። ምንጩን እስከ ዓርብ አራት ሰዓት ያሳውቁ።»

ደንቡን የማያውቅ ወላጅ የለም። እርሾውን ያስተላለፈው ሰው ሰባና ከዚያ በላይ ከሆነ ተግሣጽ ይጻፍበታል፣ እርሾው ይመዘገባል፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ምንጩ ካልታወቀ ወይም ከሰባ በታች ሆኖ ከተገኘ ግን ሕፃኑ እጥበት ይገባል። እጥበት ማለት አርባ ቀን ከእናት ተለይቶ፣ ሆድ ውስጥ ያለው ሁሉ ተጠርጎ ወጥቶ፣ እንደገና ዘጠና አንድ ሆኖ መመለስ ነው። ኤፍራታ መልእክቱን ሁለት ጊዜ ሰማችው። አርባ ቀን! ጡቷ ይደርቃል። ልጅቷ ሽታዋን ትረሳለች። ስትመለስም ያ ለቅሶ አብሯት ይመለሳል። ወለሉ ላይ ዘፍ አለች።

«ዮናታን!»

ዮናታን የጥርስ ብሩሹን በአፉ እንደያዘ ሮጦ መጣ። «ምንድን ነው? ልጅቷ ምን ሆነች?»

«ልጄን የነካብኝ ማን ነው?»

ዮናታን ሲፈራ ጆሮው ይቀላል። አሁን ጆሮው ቲማቲም መሰለ። «ያቺ የምትጠባት ጎማ ስትወድቅ...» አለና ብሩሹን ከአፉ አወጣ።

«እ? ስትወድቅ?»

«ወለሉ ቆሻሻ ነው ብዬ... ልሼ መለስኩላት።»

«ስንት ጊዜ?»

«መቁጠሩን እንኳ ላንቺ ነው የተውኩት።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ኤፍራታ ቤቱን በላዩ ላይ ታፈርሰው ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር ብልጭ አለባትና ከወለሉ ተነስታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «አንተ እኮ ሰማንያ ሁለት ነህ! ሰማንያ ሁለት!» ዮናታን በሰማንያ ሁለቱ ሲወቀስ እንጂ ሲታቀፍ አያውቅም፤ ግራ ገብቶት የጥርስ ሳሙና እያንጠባጠበ ቆመ።

ከሰዓት በኋላ አማቷ ወይዘሮ አስካለ መጡ። እሳቸው አፍንጫው «ዘጠና ስድስት!» ሲል ቆም ይላሉ፤ ማዶ ያሉት ጎረቤቶች አልሰሙም ብለው ከጠረጠሩ ተመልሰው እንደገና እፍ ይላሉ። የሆነው ሲነገራቸው እሪ አሉ።

«ማነው የልጄን ቤት የደፈረ? ያቺ ላይኛው ፎቅ ያለችው ናት! ድሮም ዓይኗን አልወደድኩትም!»

«እትዬ፣ ሰውየው ሰባና ከዚያ በላይ ከሆነ እኮ ችግር የለውም» አለች ኤፍራታ። «ተግሣጽ ብቻ ነው። ልጅቷ ትተርፋለች።»

ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እንግዲያውስ እኔ ነኝ» አሉ።

«እርስዎ?»

«ቅቤ አስውጬያታለሁ። ምን ይጠበስ?»

የወይዘሮ አስካለ እናት ልጆቻቸውን ሁሉ ለጋ ቅቤ እያስዋጡ ነው ያሳደጉት፤ ቅቤ ያልዋጠ ሕፃን አንጀቱ ይደርቃል ይሉ ነበር። ለጋ ቅቤ አራስ ቤት ማስገባት አሁን በሕግ ክልክል ነው፤ አፍንጫው ቦርሳ ሳይቀር ያሸታል። አናት ግን አያሸትም። ወይዘሮ አስካለ ቅቤውን በሰው በሰው ከገጠር አስመጥተው ፀጉራቸውን ተቀብተው ገቡ፤ ባልቴት ፀጉሯን ቅቤ ብትቀባ ማን ይጠረጥራታል? ከዚያ ምራታቸው ሻይ ልታመጣ ዞር ባለች ቁጥር በትንሿ ጣታቸው ከመሃል አናታቸው እየጠነቆሉ ሚሚን ያቀምሷታል።

«ከፀጉርዎ?» አለች ኤፍራታ።

«ንጹሕ ፀጉር ነው! ዘጠና ስድስት እኮ ነኝ!»

ማክሰኞ ኤፍራታ ላይኛው ፎቅ ወጥታ የእትዬ ዘምዘምን በር አንኳኳች። እትዬ ዘምዘም ያለ እሳቸው ሰፈሩ ሰርግም ለቅሶም የማይሆንለት፣ ስድስት ልጅ ያሳደጉ ጎረቤት ናቸው። በሩን ከፍተው የኤፍራታን ፊት ገና እንዳዩ «ተምሩን ሰማሽ አይደል?» አሉ።

«የምን ተምር?»

«ኧረ እኔ ልሙት! ሳልጠየቅ ተናዘዝኩ!» አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ፤ ግን ሳቃቸው አምልጧቸዋል። «በእኛ ወግ ሕፃን ሲወለድ ተምር ይታኘክና ላንቃው ይዳበስለታል። ስድስቱንም እንዲያ ነው ያደረግኳቸው። ያንቺዋ ስታለቅስ ግድግዳው እየተንቀጠቀጠ አላስቀምጥ አለኝ። ቆሻሻ ልትደፊ ስትወርጂ ገባሁ፣ ዳበስኳት፣ ወጣሁ። አንድ ደቂቃ አይሞላም።»

«አፍንጫውስ?»

«ሰባ አምስት አለኝ፤ እኔም ‹ካልሲ ብቻ ነው የምስመው› ብዬው ገባሁ።»

ኤፍራታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። አምስት ሳምንት ልጇን እንደ ዓይን ብሌን የጠበቀች መስሏት ነበር፤ ለካ ልጅቱ የሰፈሩ እድር ሆና ሁሉም የየድርሻውን ሲያዋጣባት ከርሟል። ግን ሦስቱም ከሰባ በላይ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ መሆኑ ደግሞ አይቀርም። ተነስታ እትዬ ዘምዘምን አቀፈቻቸው፤ እሳቸውም ዱቄት በነካ እጃቸው ጀርባዋን መታ መታ አደረጉት።

አንድ ሰው ብቻ አልጠየቀችም፤ እናቷን። ምን ብላ ትጠይቃቸው? ወይዘሮ ይርገዱ ሠላሳ አንድ ናቸው።

ወይዘሮ ይርገዱ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። መኪናው ራሱን ይነዳል፤ ሕጉ ግን «መሪው ጋ ሰው ይቀመጥ» ይላል፤ ያ ሰው እሳቸው ነበሩ። እጃቸውን አጣጥፈው ከሚሌ እስከ ሞያሌ አገሩን አዳረሱት። እጁን አጣጥፎ የሚሄድ ሰው ደግሞ ምን ሥራ አለው? ይበላል እንጂ። የግመል ወተት፣ ቆጮ፣ ዳጣ፣ የመንገድ ዳር ጥብስ፣ ስሙን እንኳ ያልጠየቁት የባልዲ ጠላ፣ የቀረባቸው የለም። መንጃ ፈቃድ ሲያድሱ ሆዳቸውን የለካው ማሽን «እባክዎ ይጠብቁ» ብሎ ግማሽ ቀን እንዳስቀመጣቸው ዛሬም እየሳቁ ያወሩታል።

በየረቡዑ ከቦርከና ወንዝ ማዶ በእግራቸው ይመጣሉ። እፍ ይላሉ። አፍንጫው «ሠላሳ አንድ!» ሲል «እግዜር ይስጥልኝ» ይሉታል። ከመስታወቱ ማዶ ቆመው በአፋቸው የመኪና ጥሩንባ ይነፋሉ፣ ቅንድባቸውን ያወናጭፋሉ። ከዚያ መስታወቱን ይስሙና ጨርቁን አንስተው ጥግ ጥጉን ሳይቀር ይወለውሉታል። ሰፈሩ ውስጥ እንደሳቸው የሚወለውል የለም።

የዚያን ረቡዕም መጡ። «ፊትሽ ጠቁሯል፤ ምን ሆንሽ?» አሉ በመስታወቱ በኩል።

«ዓርብ መዝገብ ቤት ቀጠሮ አለኝ። የልጅቷ እርሾ ነው። አይዞሽ፣ ሰው አግኝቻለሁ።»

«እኔስ ምን ላግዝሽ?»

«አንቺማ በሠላሳ አንድ ምን ታግዢኛለሽ፣ እማዬ?»

በክፋት አይደለም፤ ቸኩላ ነው። ወይዘሮ ይርገዱ «እሱስ ልክ ነሽ» ብለው ሳቁ፤ መስታወቱን ግን የዚያን ቀን ሁለት ጊዜ ወለወሉት።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ኤፍራታ ሚሚን አቅፋ፣ ሦስቱን ጥፋተኞች አስከትላ የሕፃናት ሆድ መዝገብ ቤት ደረሰች። በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ እናቷ ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ከሰባ በታች የሆነ ሰው ሕንጻው ውስጥ አይገባም።

«እማዬ! ማን ጠራሽ?»

«ማንም። ልጄ ስትከሰስ ቤቴ ቁጭ ልበልልሽ?»

ተቆጣጣሪው አቶ ተስፋልደት ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር የቀራቸው፣ ፔርሙሳቸውን ከጠረጴዛው የማያነሱ ሰው ናቸው። ፋይሉን ከፈቱና መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምንጩ ማን ነው?»

«እኔ!» አሉ ሦስቱም በአንድ ድምፅ።

አቶ ተስፋልደት ሻያቸውን ፉት አሉ። «ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ ሰው ሲክድ ነው የማውቀው። ለጥፋት ሲሽቀዳደም ዛሬ ገና አየሁ። በሉ፣ ምላስ አውጡ።»

ሦስቱ ተሰልፈው ምላሳቸውን አወጡ። ወይዘሮ አስካለ ከሁሉም አስበልጠው አወጡ። ማሽኑ አንድ በአንድ አየና «አይደለም» አለ። «አይደለም።» «አይደለም።»

«እንደገና ይታይ!» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «ማሽኑ ነው የተበላሸው! እኔ በገዛ ጣቴ፣ ከገዛ አናቴ ነው ያቀመስኳት!»

«ገብቷል፣ ወይዘሮ። ገብቶ ወጥቷል። የእርስዎ አልሰፈረም።»

ወይዘሮ አስካለ እንደ ተሰደበ ሰው ቁጭ አሉ። ዮናታንም ከልቡ አዘነ፤ ከገዛ ልጅ ሆድ መባረር ለካ ይከብዳል። እትዬ ዘምዘም «የተምሩስ? ትንሽ እንኳ?» ብለው ጠየቁ።

ኤፍራታ የሚሚን ጀርባ ማሻሸቷን አቆመች። «ታዲያ የማን ነው?»

«የአገሩን መዝገብ ሁሉ ይፈልግ» አሉ አቶ ተስፋልደት፤ አንድ ቁልፍ ተጫኑ። ማሽኑ ጥቂት አጉረመረመና ተናገረ። «ይርገዱ ይማም። ሠላሳ አንድ።»

እትዬ ዘምዘም «ያ ረቢ» አሉ። ኤፍራታ ከወንበሯ ስትነሳ ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ፤ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ወጣች።

«ገደልሽኝ!» አለች። ወይዘሮ ይርገዱ ከአግዳሚው ተነሱ። «ልጄን ሊወስዱብኝ ነው! አርባ ቀን! እንዴት ገባሽ? መቼ ገባሽ?»

«የት ነው የገባሁት?»

«ቤቴ ነዋ! መስታወቱን አልፈሽ! ሌላው ቢያልፍ ሰባ አምስት ነው፣ ሰማንያ ነው። አንቺ ሠላሳ አንድ መሆንሽን እያወቅሽ እንዴት በልጄ ጨከንሽ?»

በየፎቁ መስኮት ተከፈተ። በረኛው ጋዜጣውን አጠፈ።

«አልነካኋትም» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ።

«ማሽኑ ስምሽን ጠራ እኮ!»

«ይጥራዋ። እኔ ግን አልነካኋትም።» ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ዝቅ ሲል ደግሞ ኤፍራታን ይበልጥ አስደነገጣት። «ስሚኝ፣ ልጄ። እንኳን እሷን፣ አንቺንም ለሰርግሽ ታጥበሽ ከወጣሽ ወዲህ ስሜሽ አላውቅም። ስምንት ዓመት ሆነ። ‹እማዬ፣ እርሾዬ እንዳይበላሽ› አልሽኝ፤ እሺ አልኩ። ስትዳሪ ከሩቅ ሆኜ እልል አልኩ። ስታምጪ በረንዳ ላይ አደርኩ። አንዴ ‹አትለፊ› ካልሽኝ ወዲህ አንዲት ስንዝር አላለፍኩም። ያለፈ ሰው ከፈለግሽ እነዚያ ውስጥ ያሉትን ጠይቂያቸው።»

ዘንቢላቸውን አንስተው ወደ አውራ ጎዳናው መራመድ ጀመሩ።

አቶ ተስፋልደት የሻይ ኩባያቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። የሴትየዋን ጀርባ ጥቂት አዩና «ወይዘሮ ኤፍራታ፣ ይግቡ እስቲ። ምላስዎን ያሳዩኝ» አሉ።

«እኔ? እኔ ዘጠና አራት ነኝ እኮ!»

«ቢሆንም።»

ኤፍራታ ገብታ ምላሷን አወጣች። ማሽኑ ወዲያው «ነው» አለ። አቶ ተስፋልደት ጭራሽ አልደነቃቸውም። «ይኸው። እርስዎ ጋ ነው ያለው።»

«ታጥቤያለሁ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ታጥቤያለሁ!»

«ታጥበዋል። መዝገቡም የሚያውቀው የታጠበውን ሆድዎን ነው። ግን ቡሖ ዕቃ ያጠበ ሰው ያውቀዋል፤ የቱንም ያህል ቢፈተግ ጥጉ ላይ ትንሽ አትጠፋም። ትርፍ አንጀት ውስጥ ተሸሽጎ ይቆያል። ሴት ስታረግዝ ይነቃል፣ ወተት ሲመጣ አብሮ ይመጣል። እናትዎ እርስዎን ሲወልዱ የሰጡዎትን ነው እርስዎም ለልጅዎ የሰጡት። ከሚሌ እስከ ሞያሌ ያለውን ሁሉ የፈጨ እርሾ የአንዲት ሕፃን ቁርጠት አያቅተውም።»

«ይህን እናንተ ታውቃላችሁ?»

«ቢሮው ከተከፈተ ጀምሮ። ከአሥር እናት ሰባቱ እንደርስዎ ናቸው።»

«ታዲያ እንዴት ዝም ትላላችሁ? ሰው እናቱን መስታወት እያሳመ!»

«ወይዘሮ፣ ይህ ሕንጻ አምስት ፎቅ ነው» አሉ አቶ ተስፋልደት በትዕግሥት። «አምስቱም ፎቅ ሠራተኛ አለበት። ምን ብለን እንንገራቸው?»

ኤፍራታ ለመጮኽ አፏን ከፈተች፤ ግን ሚሚ እጇ ላይ ተንቀሳቀሰችና የመጣችበት ትዝ አላት። «ልጄስ? ትወሰዳለች?»

አቶ ተስፋልደት ወደ በሩ ተመለከቱ፣ ወንበራቸውን ወደ ማሽኑ አስጠጉ። «ምንጭ በሚለው ላይ ‹እናት› ብዬ ልጻፍና እስቲ እንየው» አሉ፤ ጻፉም።

«ምንጭ እናት፤ ዘጠና አራት። ይመዝገብ» አለ ማሽኑ። ኤፍራታ ትንፋሿን ሳትመልስ ቀጠለ። «እርሾው የሠላሳ አንድ ነው። ይታጠብ።» ቀጥሎ «ምንጭ እናት። ይመዝገብ» አለ። ቀጥሎ «ይታጠብ» አለ። «ይመዝገብ። ይታጠብ። ይመዝገብ።» ዮናታን የሚስቱን እጅ ያዘ። ማሽኑ እንዲህ እየዋለለ ቆይቶ በመጨረሻ ደከመውና «ጉዳይዎ በሂደት ላይ ነው» ብሎ ዝም አለ።

«እንግዲህ ውሳኔ እስኪሰጥ ልጅቷን ማንም አይነካትም» አሉ አቶ ተስፋልደት፤ ፋይሉን ዘጉ።

«መቼ ነው የሚወስነው?»

«የእኔም ልጅ ጉዳይ በሂደት ላይ ነው።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ባለፈው ግንቦት ዳርናት።»

ከጥጉ የወይዘሮ አስካለ ድምፅ መጣ። «ታዲያ የእኔ ቅቤስ በሂደት ላይ ሊሆን አይችልም ወይ?»

ኤፍራታ አልሰማቻቸውም፤ ሚሚን አቅፋ በሩን አልፋ ሄዳለች። ወይዘሮ ይርገዱ አውራ ጎዳናው ዳር ደርሰው ባጃጅ ሊያስቆሙ እጃቸውን ዘርግተዋል።

«እማዬ! ቁሚ!»

ባጃጁ ቆመ፤ እሳቸው አንድ እግራቸውን አስገቡ። ኤፍራታ እያለከለከች ደርሳ የነጠላቸውን ጫፍ ያዘች። እንዲህ ያፈረችበት ቀን ትዝ አይላትም፤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ይነዳል።

«እኔ ነኝ» አለች። «ከእኔ ነው የተገኘው። ከአንቺ ወደኔ፣ ከኔ ወደሷ። አንቺ አልነካሻትም።»

«ነግሬሽ ነበር እኮ።»

«ነግረሽኛል። ይቅር በዪኝ። በሰው ፊት አዋረድኩሽ። ከዚያም በፊት... ስምንት ዓመት ሙሉ...» አልቻለችም። እንባዋ መንታ መንታ ወረደ።

የባጃጁ ሹፌር «እናት፣ ይሳፈራሉ ወይስ ይወርዳሉ?» አለ።

«ቆይ አንተ፣ ጣልቃ አትግባ» አሉት ወይዘሮ ይርገዱ፤ እግራቸውን ግን መለሱ። ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡ።

ኤፍራታ ልጇን ወደሳቸው ዘረጋች። «በይ ያዢያት፣ እማዬ። ሳሚያት፤ እስኪበቃሽ ሳሚያት።»

ወይዘሮ ይርገዱ ሚሚን ከዚህ ቀደም በዚህ ቅርበት አይተዋት አያውቁም። ቅንድቧን አዩ፣ አገጯን አዩ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራረጉና ዘረጉ። የዘረጉት እጅ ግን ሕፃኗን አልፎ ሄደና የኤፍራታን ፊት ግራና ቀኝ ያዘው።

«ቆይ፣ ተራ አለ» አሉ። «መጀመሪያ የወለድኩት አንቺን ነው።»

ቀኝ ጉንጯን ሳሟት፣ ግራውን ሳሟት፣ ተመልሰው ቀኙን ሳሟት፤ ግንባሯን፣ ዓይኗን፣ አፍንጫዋን ሳይቀር ሳሟት፤ ባጃጁ ተስፋ ቆርጦ ሄደ። ሚሚ በመሃላቸው ተጨምቃ ተራዋን ጠበቀች።